በቀትር የተዘጋ መጋረጃ

ባለቤቴ ሳህን ማጠብ በጀመረ ዕለት አንድ የደበቀኝ ነገር እንዳለ ገባኝ። ይሄ ሰውዬ ከተጋባን ጀምሮ እንኳን ሳህን ሊያጥብ፣ ሻይ የጠጣበትን ብርጭቆ ካስቀመጠበት አንስቶ አያውቅም። እናቱ ያላስለመደችውን እኔ ምን ብዬ ላስለምደው ብዬ ትቼዋለሁ። ዒድ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ፣ ጠዋት ምሳውን አቅርቤበት የወጣሁት ሳህን በሳሙና ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። «ማነው ያጠበው?» አልኩ። «እኔ ነኝ» አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። ኧረ በአላህ!

ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትል ነበር። ከሁለት ልጆቿ ጋር እኛው ጋ የምትኖረው ልጄም «እማ፣ በቃ ሰውየው ተሻሽሏል፤ ሪላክስ!» አለችኝ። እሷ ቦሌ መንገድ ላይ ቢሮ ነው የምትውለው፤ ሰው በአንድ ስብሰባ የሚለወጥ ይመስላታል። እኔ ግን ኦሎምፒያ መጋረጃ እሸጣለሁ። ጨርቅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ፊቱን አይደለም፤ ገልብጬ ጀርባውን ነው። ባልም ያው ነው። ስድሳውን ያለፈ ወንድ ድንገት ተነስቶ ሳህን ካጠበ፣ ወይ ሳህኑ ላይ እንዳላይበት የፈለገው ነገር ነበር፣ ወይ ሳህኑ መቆሸሽ ሲገባው ሳይቆሽሽ ቀርቷል።

እኔ የጠረጠርኩት ሁለተኛውን ነው። ምሳውን አልበላም። በድብቅ እየጾመ ነው።

ለሌላ ሰው ይሄ ምን ያስፈራል? ጾመ፣ አበጀ፣ አላህ ይቀበለው ተብሎ ይታለፋል። ለእኔ ባል ግን ጾም ሞት ነው። ስኳር አለበት። አምና ረመዳን ላይ ከአስር ሶላት ሲወጣ መስጊዱ ደረጃ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሰዎች ተሸክመው ክሊኒክ አስገቡት። ሱቄን ክፍቱን ጥዬ ስደርስ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ፊቱ አመድ መስሎ አልጋ ላይ ተዘርግቷል። በስሙ ጠራሁት፣ ዝም። እጁን ጨበጥኩት፣ ዝም። ያኔ የተሰማኝን ለጠላቴም አልመኝም። ቆይቶ ሲነቃ፣ ልጄን የምታክል ሐኪም አጠገቡ ቆማ «አባባ፣ ከእንግዲህ ጾም የለም» አለችው። «አንድ ቀንም?» አላት። «ግማሽ ቀንም» አለችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሲል ኢማሙን ጠየቀ። ኢማሙም አላህ አቅም ያጣውን ሰው እንደማያስገድድ፣ ስለማይጾመው ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ማብላት እንደሚበቃው ነገሩት። ፊድያ የሚባለው ነው። ባለቤቴ ይህን ሰምቶ እቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ አስታጉሎት የማያውቀውን ጾም በሽበቱ ተቀማ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ በልቤ ግን እፎይ ብያለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከጾሙ ይልቅ እሱን እፈልገዋለሁ።

ሚስኪኑን ራሱ ፈልጎ አገኘ። ወሎ ሰፈር ከጋራዦቹ ጀርባ በጅምር የቀረ ፎቅ አለ፤ እሱን የሚጠብቁ አንድ ሰው የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው አለኝ። እኔ አይቻቸው አላውቅም። ምግቡን ጠዋት እሠራለሁ፣ እሱ ቀትር ላይ በምሳ ዕቃ ይዞላቸው ይሄዳል። «ለማፍጠሪያ የሚሆን ምግብ በቀትር ምን ያስሮጥሃል?» ስለው «በጊዜ ላድርስላቸው» ይለኛል። ያኔ አልጠረጠርኩም። ጾመኛ ስለነበርኩ ይሆናል፤ የተራበ ሰው መጠርጠሪያ ጉልበት የለውም።

እቤት ውስጥ ግን አንድ ችግር ነበር። የልጅ ልጆቻችን ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጾማለን ብለው ቆርጠው ተነስተዋል። ምሳ ስለማይበሉ ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት መጥተው ሳሎን ውስጥ ጋደም ይላሉ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ እሑድ ነበርና እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ትንሿ «አያቴ ለምን ይበላል?» ብላ ጠየቀች። እሱ እንጀራውን እንደጠቀለለ እጁ አየር ላይ ቀረ። ለልጅ ምን ብለህ ታስረዳለህ? ስለዚህ እኔ ዘዴ ዘየድኩ። ምሳውን ጠዋት ሠርቼ መኝታ ቤታችን ውስጥ ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ከድኜ አስቀምጣለሁ፣ እሱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ይበላል። ማንም አያይ፣ ማንም አይጠይቅ። ክብሩን ጠበቅኩለት አልኩ። እሱም እሺ አለ።

ዒድ መጣ፣ አለፈ። ኢማሙ ረመዳንን ሸኙት እንጂ ልማዱን አትሸኙት ብለው ስለነበር ቤታችን ውስጥ ሁሉም የየራሱን ያዘ። ልጄ ጠዋት ታክሲ ውስጥ በስልኳ ቁርኣን መስማት ጀመረች። ልጆቹ ለጎረቤት ሳምቡሳ ማድረሱን አልተውም አሉ፤ ግማሹን መንገድ ላይ እንደሚበሉት አውቃለሁ። እኔ ከዒድ በኋላ የሚጾመውን የሸዋልን ስድስት ቀን ጾምኩና ጣፈጠኝ፤ ሰኞና ሐሙስን ቀጠልኩበት። ለዓመታት ሳስበው የኖርኩት ነገር ስለነበር እውነቱን ልናገርና ትንሽ ኮራሁም። ባለቤቴ ደግሞ «ሽማግሌው ረመዳን ወጣ ተብሎ አይራቡም፤ ምግቡ ይቀጥል» አለ። «አንቺ ጾምሽን፣ እኔ ሚስኪኔን» አለኝ። ደስ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ምሳ እሠራለሁ፤ የእሱን በሳህን መኝታ ቤት፣ የሚስኪኑን በምሳ ዕቃ በሩ አጠገብ፤ ከዚያ ወደ ኦሎምፒያ።

ሳህኑን አጥቦ ያገኘሁት እንግዲህ ይሄኔ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከፈትኩ።

መጀመሪያ መፋቂያው። ሰውዬው ከሰዓት በኋላ መፋቂያ ከአፉ አይለይም። ሱና ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን በጾም አፍ የሚፋቅና ምሳ በልቶ የሚፋቅ ሰው አንድ አይደለም፣ ዓይኑ ላይ ያስታውቃል አልኩ። ቀጥሎ ኮቱን ላጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ ቴምር አገኘሁ። ድንገት ስኳሩ ቢወርድ ብዬ እኔው ኪሱ ውስጥ ከረሜላ አድርጌለታለሁ። ከረሜላው አለ። ቴምሩ ታዲያ ምን ይሠራል? ቴምር ማፍጠሪያ ነው!

ልፈትነው ብዬ አንድ ቀን ከሱቅ ቀደም ብዬ ወጣሁና ትኩስ ሳምቡሳ ይዤለት ገባሁ። የእኔ ባል ለሳምቡሳ ሟች ነው።

«ጠግቤያለሁ» አለ።

«በምን?»

«በምሳ ነዋ።»

«ወላሂ በል።»

«ለምሳ ነገር ወላሂ አይባልም» አለኝና ተነስቶ ወጣ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። ያልማለው ስለዋሸኝ ነው። ሳምቡሳውን በንዴት ብቻዬን ጨረስኩት።

ጥርጣሬ ደግሞ አንዴ ከገባ ወደ ኋላም ያያል። በረመዳን ከሱቄ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ቅጠል ቅጠል ያለበት። ሠራተኛዬን በነገር ወጋ ወጋ ሳደርጋት «እትዬ፣ እኔ ቤት እኮ መስኮትም የለው፣ ምን ላደርገው?» ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ሰሞን ባለቤቴ ሁለት ሦስቴ ሱቅ ብቅ ብሎ ነበር። ይሄንንም አሁን አስታወስኩና ከቴምሩ ጎን አስቀመጥኩት። ጨርቅ ከጾም ጋር ምን ያገናኘዋል? አላወቅኩም። ብቻ አስቀመጥኩት።

ከዚያ እርግጡን ልወቅ አልኩና አንድ ጠዋት የእሱን ምሳ ቀይ ምስር ወጥ አደረግኩት፣ የሽማግሌውን ደግሞ ጎመን በሥጋ። ማታ ምሳ ዕቃው ሲመለስ እንደ ሳህኑ ታጥቧል። ግን እኔ ማን ነኝ? የክዳኑ ጠርዝ ስር ጣቴን ሰደድኩ። ቀይ! ምስር! ሰውዬው ሳህን ማጠብ ተማረ እንጂ የክዳን ስርጉድ መፈልፈል ማንም አላስተማረውም።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? የራሱን ምሳ ምሳ ዕቃው ውስጥ ገልብጦ ለሽማግሌው ይሰጣል፣ እሱ ጾሙን ይውላል። ያመለጠውን ረመዳን በድብቅ ቀዳ እያወጣ፣ ዕዳውን እየከፈለ ነው! ፈራሁ፣ ተናደድኩ፣ መልሼ ፈራሁ። ሱቅ ውስጥ ስልኬ በጮኸ ቁጥር «ወድቋል» የሚሉኝ እየመሰለኝ መቀሴን ጥዬ እሮጣለሁ። አንዲት ደንበኛ መጋረጃዋን አጣመሽ ቆረጥሽብኝ ብላ ጮኸችብኝ፤ እውነቷን ነው፣ አጣምሜዋለሁ።

ለልጄ ነገርኳት። «እማ፣ ምን በግምት ያስጨንቅሻል? የስኳር መለኪያው እቤት አለ አይደል፣ እንለካው» አለች። ለካነው። እሱ ጣቱን እንደ ሕፃን ዘርግቶ ተቀመጠ። ደህና ነው። በሌላም ቀን ለካነው፣ ደህና ነው። እንዲያውም ከዒድ በፊት ከነበረው ይሻላል። ልጄ «ይኸውልሽ!» አለች። እኔ ግን መለኪያውን አገላብጬ አየሁት። ሚስቱን ያታለለ ሰው ለመለኪያ ያዝናል?

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ፊቷ በራ። «ጎበዝ አባባ! እንዲህ ነው የምፈልገው። ምን ለወጡ?»

«ምንም» አለ ባለቤቴ። እና ጆሮው ቀላ።

ያን ጆሮ አውቀዋለሁ። ሊያጨኝ የመጣ ቀን አባቴ ፊትም እንደዚሁ ቀልቶ ነበር። መንገዱን በሙሉ አሰብኩ። ስኳሩ ደህና ከሆነ እየበላ ነው። እቤት ያስቀመጥኩለትን ግን አይበላም። ታዲያ ማን ነው የሚያበላው? አስተግፊሩላህ! ሰሞኑን ጢሙን በሥርዓት መቆረጥ መጀመሩም ትዝ አለኝ። በዚህ ዕድሜው፣ በዚያ ጉልበቱ! ልጄ ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ እኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እየጾመ ከሆነ ይሞትብኛል፤ ካልጾመ ደግሞ እኔው እገድለዋለሁ።

አንድ ሐሙስ ሱቁን ለሠራተኛዬ ትቼ ከኦሎምፒያ በሚኒባስ ወሎ ሰፈር ወረድኩ። ጾመኛ ነኝ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ወደ እኛ ሰፈር የሚያስገባው ቅያስ አፍ ላይ ከሚሸጥ የፕላስቲክ ባልዲ ክምር ጀርባ ቆምኩ። ሻጩ «እናቴ፣ ባልዲ ልስጥሽ?» እያለ መቆሚያ አሳጣኝ፤ ለመገላገል አንድ ገዛሁ። ባለቤቴ ብቅ አለ። ምሳ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥሏል፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል፣ መፋቂያው አፉ ላይ። ደግሞም እርምጃው! እኔ ገበያ አብረን እንሂድ ስለው ጉልበቴን የሚል ሰው፣ ያለ አንዳች ማረፍ ይገሰግሳል።

ባልዲዬን ይዤ ተከተልኩት። ጋራዦቹን አለፈ። የብረት መቀጥቀጫው ድምፅ ጆሮ ይበጥሳል፣ አንድ መካኒክ ከመኪና ስር ሆኖ ባለቤቴን «ሰላም አለይኩም!» ሲለው ሰማሁ። ያውቁታል ማለት ነው። በጅምር የቀረው ፎቅ ጋ ደረሰ። ከፎቁ ሥር አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች፤ በር የላትም፣ በበር ፋንታ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ቅጠል ቅጠል ያለበት።

የእኔ ጨርቅ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ያቺን ምስኪን ልጅ ያስለቀስኩት በዚህ ነው። ባለቤቴ ሁለቴ አሳለ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ገባ፣ መልሶ ዘጋው። ወዲያው ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። የእሱን ሳቅ። ከመቼ ጀምሮ እንዳልሰማሁት ያወቅኩት ያኔ ነው። እኔ ውጪ ፀሐይ ላይ ባልዲ ይዤ ቆሜ፣ ባሌ በእኔ መጋረጃ ተከልሎ ይስቃል።

መጋረጃውን ይዤ ገለበጥኩት።

«ታመን ነው!» ብለው አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ዘለሉ። «ሕመምተኞች ነን ልጄ! ተፈቅዶልን ነው!»

ቤቷ አንድ አልጋና አንድ ሣጥን ብቻ ነው የምትይዘው። ሣጥኑ ላይ አንድ ትሪ አለ። ትሪው ላይ የእኔ እንጀራ፣ በአንድ በኩል የባለቤቴ ምሳ፣ በአንድ በኩል የሚስኪኑ ምሳ። ባለቤቴ እኔን ሲያይ የጎረሰውን ሳያላምጥ፣ በሁለት እጁ ክዳኑን አንስቶ ትሪውን ከደነው። ሌባ የሰረቀውን እንደሚደብቅ ደበቀው። ምግብ እኮ ነው። እኔው የሠራሁት ምግብ።

«እየጾምክ ነው ብዬ ነው የመጣሁት!» አልኩት። ልሰድበው ነበር ያሰብኩት። «ወድቀህ አገኘሁህ ብዬ! ሌሊት እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ!» ባልዲውን ወረወርኩትና አልቅሼ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ እንድቀመጥ ነጠላ ለማንጠፍ ተሯሯጡ፤ እኔ ግን ከመሬቱ አልተነሳሁም።

«እኔ? እኔማ ጠግቤ እየበላሁ ነው» አለ ባለቤቴ፣ ግራ እንደተጋባ።

ምርመራዬን አላቆምኩም። እንባዬን በሻሼ እየጠረግኩ አንድ በአንድ ጠየቅኩት። ቴምሩ? የሽማግሌው ነው፤ እሳቸውም ስኳር አለባቸውና ድንገት ሲወርድባቸው ከረሜላ አልወድም ስለሚሉ ይይዝላቸዋል። ጢሙ? እሳቸው ናቸው የሚከረክሙለት፣ ድሮ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። መጋረጃው? ባለቤቴ አቀረቀረ፣ የመለሱልኝ ሽማግሌው ናቸው።

«በረመዳን ምግብ ይዞልኝ ሲመጣ፣ ‹ለማፍጠሪያዎ› አለኝ። እኔ ደግሞ ውሸት አልችልም። ‹ወንድሜ፣ እኔም አልጾምም፣ ተከልክያለሁ› አልኩት። ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን፤ በልቶ የተያዘ ሰው በልቶ የተያዘ ሰው ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔ ምሳ አንድ ሁለት ጉርሻ አብሮኝ ይቀምስ ጀመር፤ ከዒድ ወዲህ ደግሞ የራሱንም እየጨመረ ያመጣል። ያኔ በረመዳን አንዲት እናት በዚህ ስታልፍ አይታን ‹በሽበታችሁ አታፍሩም!› ብላ ሰደበችን። በማግስቱ መጋረጃውን አመጣ። አሁን እሷ የመጣች መስሎኝ ነው የደነገጥኩት፣ አትቀየሚኝ ልጄ።»

«ረመዳን እኮ ካለፈ ቆየ!» አልኩ ወደ ባለቤቴ ዞሬ። «አሁን ማን ይሰድብሃል? እቤትህ ቁጭ ብለህ ለምን አትበላም?»

ክዳኑን በጣቱ እየዳበሰ፣ «ረመዳን ወጣ» አለ፤ «የእኔ ሳህን ግን ከመኝታ ቤት አልወጣም።»

ልክ ነው። ዛሬም ጠዋት ያቺው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጥኩለት፣ ከድኜ፣ እንደ ለመድኩት። ልጆቹ ቀትር ላይ መምጣት ካቆሙ ቆይቷል። ሳሎኑ ባዶ ነው፣ ትልቁ ጠረጴዛ ባዶ ነው። እኔ ግን በእጄ ልማድ ባሌን በየቀኑ መኝታ ቤት አስገብቼ በር እዘጋበታለሁ።

«መጀመሪያ እበላው ነበር» አለ። «በሩን ዘግቼ። መዝጋት እንደሌለብኝ አውቃለሁ፣ ግን ክፍት ሳደርገው አልጎርስ ይለኛል። ግማሹን እተወዋለሁ፣ ስኳሬ ይዘባረቃል። እዚህ ስመጣ ግን እሳቸው ‹ብላ› ይሉኛል፣ እኔ ‹ይብሉ› እላቸዋለሁ፤ ሳናውቀው ያልቃል። ብነግርሽ ምን ልበልሽ? ብቻዬን ስሆን ምሳ አልወርድልህ አለኝ ልበል? አንቺ ደግሞ ጾመኛ ነሽ፤ ጾመኛን በምሳ ነገር ማስቸገር ነውር ነው።»

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ» አሉ ሽማግሌው፣ ነገሩን ለማለሳለስ ብለው። «በይ ልጄ፣ ቢስሚላህ በይ። እጅሽን ታጠቢ።»

«ጾመኛ ናት» አለ ባለቤቴ ፈጠን ብሎ። «ሐሙስ አይደል?» ይህን እያለ ትሪውን ከፊቴ አሸሸው። በጀርባው ከለለው። ምግብ እንዳይሸተኝ፣ ሲበላ እንዳላይ። እዚህም፣ በሰው ቤት፣ ከእኔ ይደበቃል። ጀርባውን አየሁት፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። አምና አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሳየው ያልቅብኝ የመሰለኝ ሰው ይኸው በሕይወት አለ፣ ይበላል፣ እኔ ግን ምሳ ሲበላ ካየሁት ስንት ጊዜ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው።

ተነስቼ ሄድኩና ከሽማግሌው ጀሪካን ውሃ አስቀድቼ እጄን ታጠብኩ።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለ ባለቤቴ።

«የሱና ጾም ነው፣ ግዴታ አይደለም። ሰው ከጋበዘኝ እፈታዋለሁ።»

«ትፈቺዋለሽ? ለእኔ ብለሽ? ወላሂ በይ!»

«ለምሳ ነገር ወላሂ አይባልም» አልኩት።

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ክዳኑን አነሳ፣ ከእንጀራው ቆረሰ፣ ምስሩንና ጎመኑን አብሮ ጠቀለለ። አፌን ከፈትኩ። ከጋብቻችን ቀን ወዲህ እንደዚያ ያለ ጉርሻ አጉርሶኝ አያውቅም፤ ጉንጬን ሞላው። ጨው አብዝቼበታለሁ። ሁለቱም ስንት ቀን ጨዋማ ምግብ በልተው ምንም አላሉኝም።

ገና ሳላላምጠው፣ ባለቤቴ ጉልበቱን ይዞ እየተንጠራራ ተነሳ። እኔ የገለበጥኩት መጋረጃ ክፍት ነው፣ መካኒኮቹ ያያሉ፣ የሰፈር ሰው ያልፋል፣ ሐሙስ ሐሙስ እንደምጾም የማያውቅ የለም።

«ሰው ያይሻል» አለኝ፣ ጨርቁን ሊዘጋ እጁን እየዘረጋ። «ክብርሽ ነው።»

እጁን ይዤ ከአጠገቤ አስቀመጥኩት። አፌ ሙሉ ስለነበር መናገር አልቻልኩም። መጋረጃውን ጠቅልዬ ሚስማሩ ላይ አሰርኩትና ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ማላመጥ ጀመርኩ።